ስሜን ተራሮችን በእግር፦ ስለ ድንኳን ጉዞው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሜን ተራሮች ላይ ለቀናት በእግር እየተጓዙ በድንኳን ማደር የፈረንጅ ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። እንዲያውም ይህን መንገድ እንደኛ አጣጥሞ ሊሄደው የሚችል የለም ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኙታላችሁ። ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከቴል አቪቭም፣ ከዱባይም የሚመጡት ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ እዚህ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ።

አሁን መሄድ ይቻላል?

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ ሁኔታው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ኢንተርኔት ይቋረጣል። ዛሬ ሰላም የሆነ ቦታ በሚቀጥለው ሳምንት ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገራችሁን ይዛችሁ አትነሱ። ደባርቅ ከሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም እዚያው ከሚኖር አስጎብኚ ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ጎንደር ዘመድ ካላችሁ እሱንም ጠይቁ። ሁለትና ሦስት ሰው ጠይቃችሁ መልሱ ካልገጠመ፣ ጉዞውን አቆዩት። ተራራው የትም አይሄድም። መንገዱ ላይ ሆናችሁም አስጎብኚው ወይም ስካውቱ (ጠመንጃ ይዞ አብሯችሁ የሚሄደው ጥበቃ) «እንመለስ» ካለ ያለ ክርክር ተመለሱ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሰላሙ ሲፈቅድ የሚሠራ ነው።

መንገዱ ጥንታዊ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ላውራ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ጸሐፊ አዱሊስ ወደብ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን አንድ ጽሑፍ ገልብጦ አስቀርቶልናል። ጽሑፉ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻዎቹ የሚናገርበት ነው። ከወንዝ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግሩና በረዶ በለበሱ ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች እንደወጋ ይገልጻል። በረዶው እስከ ጉልበት ድረስ ያሰምጥ ነበር ይላል። ወንዙን ጽሑፉ ዓባይ ቢለውም ተከዜ እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ አስቡት፦ ያኔም ሰው በእግሩ እዚህ ወጥቷል፣ ያኔም ብርዱን አማርሯል።

ከዚያ በኋላ ተራራው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቤተ እስራኤል እዚህ አምባዎች ላይ የራሳቸው መሪዎች ነበሯቸው። ከአፄ ሠርፀ ድንግል ጋር ተዋግተዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጌዴዎን መሪነት ከአፄ ሱስንዮስ ጋር የተዋጉት የመጨረሻውን ትልቅ ጦርነት ነበር። እስራኤል ለምትኖሩ አንባቢዎች ይህ መንገድ የአያቶቻችሁ ደጅ ነው። ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት ደረስጌ ማርያምም እዚሁ ስሜን ነው። ደጃዝማች ካሳ ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው።

በሰሜን በኩል ደግሞ ሊማሊሞ አለ። ከምጽዋ በአድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር የሚገባው የነጋዴ መንገድ ገደሉን የሚወጣው በዚያ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጎንደር የገባው ይህን ዳገት ወጥቶ ነው። ዛሬ መኪና የሚጠማዘዝበትን የሊማሊሞ መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። የእግሩ መንገድ ግን ከእነሱ በፊት ብዙ ዘመን ነበር።

የምትሄዱበት የፓርኩ ውስጥ መንገድ ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው። የጃናሞራና የበየዳ ሰው ገብሱን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወደ ገበያ የሚወጣበት፣ ሙሽራ የሚሄድበት፣ ለቀብርና ለንግሥ የሚተላለፉበት መንገድ ነው። ለጎብኚ ተብሎ የተጠረገ አይደለም። በመካከሉ ጠጠር መንገድ ስለገባ መኪና እስከ ጨነቅና ከዚያም አልፎ ይሄዳል፤ የእግሩ መንገድ ግን በገደሉ ጠርዝ ለብቻው ይቀጥላል።

ቀኖቹ እንዴት ይከፋፈላሉ?

ብዙ ሰው የሚሄደውን ልንገራችሁ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። ደባርቅ ላይ ትኬት ትቆርጣላችሁ፣ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ በቅሎና ምግብ አብሳይ ትይዛላችሁ። ከሰዓት በፊት ይህን ጨርሳችሁ ቡይት ራስ ድረስ በመኪና ብትሄዱና ከዚያ በእግር ብትጀምሩ፣ ጨለማ ሳይመጣ ሳንቃበር የድንኳን ሰፈር ትገባላችሁ። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያ ቀን አጭር ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ቀን ከሳንቃበር ወደ ግጭ ነው። መሃል ላይ የጅንባር ፏፏቴ አለ። ውሃው ወደ 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ወዳለው ገደል ይወረወራል። ጥቅምት ላይ ከሄዳችሁ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ የካቲት ላይ ቀጭን ክር ይሆናል። ከዚያ ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ግጭ ትወጣላችሁ፣ 3,600 ሜትር። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የቤቶቹን ቦታ ስታልፉ አስጎብኚያችሁን ስለዚያ ጠይቁት። የእሱ ቤተሰብ ወይም የጎረቤቱ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቀን ለእኔ የጉዞው ሁሉ ጫፍ ነው። ከግጭ በማለዳ ተነስታችሁ እሜት ጎጎ ላይ ትቆማላችሁ። 3,926 ሜትር ነው። በሦስት አቅጣጫ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይቆረጣል። ቆላው፣ አምባው፣ ሹል ሹሉ ድንጋይ ሁሉ ታች ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ብትቀመጡ አይበዛም። አስጎብኚው ቢያቻኩላችሁ እንኳን «ትንሽ» በሉት። ከዚያ በእናትዬ አድርጋችሁ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በቆመበት ሜዳ አልፋችሁ ጨነቅ ትወርዳላችሁ። ቀኑ ረጅም ነው፤ ሰባትና ስምንት ሰዓት ይወስዳል።

አራተኛው ቀን በቧሂት በር ታልፋላችሁ። በሩ 4,200 ሜትር ገደማ ነው። ጉልበት ያለው ጫፉን ጭምር ይወጣል፤ ከ4,400 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ጉልበት የሚፈትን ነው። በጭሮ ለባ መንደር አልፋችሁ መሸሃ ወንዝ ድረስ፣ ወደ 2,800 ሜትር ትወርዳላችሁ። እንደገና ወጥታችሁ አምቢቆ ታድራላችሁ።

አምስተኛው ቀን ራስ ዳሽን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት በባትሪ ትነሳላችሁ። ከ3,200 ሜትር ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ነው። በስድስተኛው ቀን ወደ ጨነቅ ትመለሳላችሁና መኪና ይቀበላችኋል።

ትምህርት ቤት ራስ ዳሽን 4,620 ሜትር ነው ተብለን ነበር። ስሙስ ደጀን ነው ዳሽን?

4,620 የድሮ ልኬት ነው። በኋላ የተለካው 4,550 አካባቢ ነው። ስሙን ሁለቱንም ትሰማላችሁ፤ እዚያ ያለው ሰው ሁለቱንም ይረዳችኋል። ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ወጡት ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ የአውሮፓውያን መዝገብ ነው። እረኛው ከዚያ በፊት እዚያ ነበር።

ራስ ዳሽን ካልደረስኩ ጉዞው ጎደለ ማለት ነው?

በፍጹም። ይህን በግልጽ ልናገር። የራስ ዳሽን ጫፍ ላይ መድረስ ክብር ነው፤ የመጨረሻዋ ድንጋይ በእጅም በእግርም የምትወጣ ናት፣ ልብን ታሞቃለች። የስሜን ውበት ያለው ግን ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ባለው ጠርዝ ላይ ነው። ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ካላችሁ በጨነቅ ጨርሱ። ሦስት ቀን ጨምራችሁ እየተንጠራወዛችሁ ጫፍ ከመንካት፣ ግጭ ላይ አንድ ቀን ደግማችሁ ብታድሩ እመርጥላችኋለሁ።

መቼ ልሂድ?

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ አትሂዱ። ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍነዋል፣ ጭቃው ያዳልጣል፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ድንቅ ነው። ምድሩ አረንጓዴ ነው፣ አበባው አልረገፈም፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ገብሱ መብሰል ይጀምራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት እንዳለ ይቆያል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ድንኳናችሁ አመዳይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ከየካቲት በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ አየሩም አቧራ ይይዛል።

ጉዞውን ከጥምቀት ጋር ማያያዝ የምትፈልጉ፣ ጎንደር በጥር 11 ሰሞን እንደምትጨናነቅ እወቁ። ማደሪያውን ቀደም ብላችሁ ያዙ። በዓሉን አክብሮ ወደ ተራራው መሄድ ግን ደስ የሚል ቅደም ተከተል ነው።

ከፍታው ያሳምማል?

ሊያሳምም ይችላል። 3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባህር ጠረፍ ላይ ካለው በሲሶ ያህል ያንሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ወጣትነትና ጉልበት አያድኑም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚታመሙት ሮጠው የሚወጡት ጎረምሶች ናቸው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ትንሽ ዕድለኛ ነው። ደሙ ከፍታ ለምዷል። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ብትወጡ እግራችሁም ሳንባችሁም ይዘጋጃል። ከውጭ የምትመጡ ግን፣ በተለይ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ፣ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በማግስቱ ሳንቃበር እንዳትገኙ። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። የፋሲልን ግቢ ማየትም አይከፋም።

መንገድ ላይ ቀስ በሉ። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው። ውሃ ጠጡ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አረቄ አትቅመሱ፤ «ብርዱን ያባርራል» የሚለውን አትስሙ። ዲያሞክስ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለእናንተ ይስማማ እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ከዚያ በላይ አትውጡ። አንድ ሰው እንደሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ቃል ከተምታታበት ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወረዳል። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ስካውት ግዴታ ነው? ጠመንጃ የያዘ ሰው ለምን ይከተለኛል?

ግዴታ ነው፤ የፓርኩ ደንብ ነው። አስጎብኚ፣ ባለበቅሎና ምግብ አብሳይ ደግሞ በየማኅበራቸው በተራ ይመደባሉ።

መጀመሪያ ላይ «እንደኛ የሚሄድ የለም» ያልኩበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ስካውቶች የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነው። ፈረንጁ ጎብኚ ከስካውቱ ጋር ለስድስት ቀን ሄዶ ከፈገግታ በቀር ምንም ሳይለዋወጥ ይለያያል። እናንተ ግን ልትጠይቁት ትችላላችሁ። የትኛው ገደል ምን ይባላል? ነብር አይተው ያውቃሉ? ልጅ ሳሉ እዚህ ከብት ይጠብቁ ነበር? ፓርኩ ሲሰፋ ምን ሆነ? እነዚህ ሰዎች የተወለዱት እዚሁ ነው። በየትኛው ድንጋይ ሥር ውሃ እንደማይደርቅ፣ ጅብራ ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ አብቦ እንደሚሞት፣ የትኛው ደመና ዝናብ እንደሚያመጣ ይነግሯችኋል። ማታ ሻይ ቀድታችሁ ስጧቸው፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ከጉዞው ሁሉ ይህን እንዳታጡት አደራ።

አጠራራችሁንም አሳምሩ። በዕድሜ የገፋውን ስካውት «አንተ» ማለት ነውር ነው። «አያ» ወይም «ጋሼ» በሉት፣ ስሙን አስከትሉ። እሱ «አንቺ» ወይም «አንተ» ቢላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ያ የአክብሮት ጉድለት ሳይሆን ዘመድነት ነው።

ሌላ አንድ ነገር፦ ማታ የት እንደሚያድሩ እዩ። አንዳንዶቹ ከጋቢ በቀር ምንም የላቸውም። ምግብ ስትሸምቱ የነሱንም ጨምሩ። ትርፍ ድንኳን ማከራየት ውድ አይደለም። እናንተ በሞቀ ስሊፒንግ ባግ ተጠቅልላችሁ እነሱ ቁር ላይ ካደሩ፣ ጉዞው ምኑ ላይ ነው ደስ የሚለው?

ዋጋውስ?

ታሪፍ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ለኢትዮጵያዊ የፓርኩ መግቢያ ከውጭ ዜጋው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መታወቂያችሁን አትርሱ። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያላችሁም ይዛችሁት ሂዱና ጽሕፈት ቤቱ ላይ ጠይቁ። የስካውት፣ የአስጎብኚና የበቅሎ ክፍያ በቀን ይታሰባል። በቡድን ስትሆኑ ይቀላል፤ አራትና አምስት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። ትልቁ ወጪ መኪናው ነው። ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ፣ ለበቅሎና ለባለበቅሎ የመመለሻ ቀንም እንደሚከፈል እወቁ። ጥሬ ብር ከጎንደር ይዛችሁ ውጡ። ጉርሻውን በመጨረሻ ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡ እንጂ ለአንድ ሰው «አካፍላቸው» ብላችሁ አታሸክሙት።

ምን ልልበስ፣ ምን ልያዝ?

ጫማው ከሁሉ ይቀድማል። የተለማመዳችሁበት፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። አዲስ ጫማ ደባርቅ ላይ ከካርቶን የሚያወጣ ሰው ግጭ ሲደርስ እግሩ ይላጣል።

ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ብርዱ ያንገበግባል። ስለዚህ ደራርባችሁ የምትለብሱት ቀጫጭን ልብስ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይሻላል። ዝናብና ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያስፈልጋል። ስሊፒንግ ባጉ ከዜሮ በታች የሚችል ይሁን። ከሥር የሚነጠፈውን ፍራሽ አትናቁት፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ጋቢም ያዙ። ማታ በትከሻ ላይ እንደ ጋቢ የሚመች ነገር አላገኘሁም። ዕቃ የሌላችሁ ጎንደርና ደባርቅ ላይ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ የሚያከራዩ አሉ፤ ዚፑን ሳትሞክሩ ግን አትቀበሉ።

የፀሐይ ቅባት ተጠቀሙ። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚባለው ስህተት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አፍንጫና ከንፈር ይላጣል።

ምን እንበላለን? የጾም ወቅት ቢሆንስ?

ምግብ አብሳዮቹ ጎበዞች ናቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ትኩስ ሾርባ ይሠራሉ። ለጿሚ ከዚህ የሚመች ጉዞ የለም፤ ረቡዕና ዓርብ ልዩ ዝግጅት አይጠይቅም። እንጀራው ለሁለት ቀን ያህል ደህና ነው፣ ከዚያ ይደርቃል፤ በፍርፍር ይነሳል። በጾም እስከ ሰባት ሰዓት ሳይበሉ መዋል ለለመዳችሁ ግን አንድ ነገር ልበል። ረጅሙን ዳገት ባዶ ሆድ መውጣት ከከፍታው ጋር ተደምሮ ሊጥል ይችላል። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተማከሩ፣ ወይም ቀኑን አስተካክሉ።

መንገድ ላይ ኪሳችሁ ውስጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይኑር። በሶን በውሃ በጥብጦ ትንሽ ስኳር ጨምሮ መጠጣት ውጭ አገር ታሽጎ ከሚሸጠው ሁሉ ይበልጣል። ተራራውን ዘመናት ሲያቋርጡ የኖሩት ነጋዴና ወታደር የያዙት ስንቅ ይኸው ነው።

ውሃና ሽንት ቤትስ?

ሰፈሮቹ አጠገብ ውሃ አለ። አፍልታችሁ ወይም አጣርታችሁ ጠጡ፤ ከላይ ከብት ይውላል። ሰፈሮቹ ላይ የጉድጓድ ሽንት ቤት አለ። በመንገድ ላይ ከውሃ ራቁ፣ ቆፍሩ፣ ቅበሩ፤ ወረቀቱንና የንጽሕና መጠበቂያውን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድም አትጣሉ።

ምን እንስሳት እናያለን?

ጭላዳን ያለ ጥርጥር ታያላችሁ። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ ነው። መቶና ከዚያ በላይ ሆነው ሣር ሲነጩ መሃላቸው ድረስ ትጠጋላችሁ፣ አይሸሹም። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በወንዱ ላይ ይበልጥ ደምቆ ከሩቅ ይታያል። ማታ ወደ ገደሉ ወርደው ያድራሉ። አትመግቧቸው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ የገበሬ ማሳ ይገባል፣ ጠቡም ከገበሬው ጋር ይሆናል።

ዋልያን ለማየት ጨነቅ ዋናው ቦታ ነው፤ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ገደሉን ቃኙ። ከስሜን በቀር የትም የለም። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን ይዞ ይጫወታል፣ የቀረው ግን ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ይህ ያሳስበኛል። ቀይ ቀበሮን ማየት ዕድል ይጠይቃል። ቀና ካላችሁ ደግሞ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላውን ትልቁን አሞራ ታዩታላችሁ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ነበር። ከዚያ ዝርዝር መውጣቱ ቀላል አልነበረም፤ ሰው ከቤቱ ተነስቷል፣ የግጦሽ መሬት ቀርቷል። ዋጋ የከፈለው የአካባቢው ገበሬ ነው። ጎብኚ ሲመጣ እሱም መጠቀም አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ማታ እሳት ማንደድ ይቻላል?

አይቻልም ብላችሁ ያዙት። ምግብ በጋዝ ወይም በሰፈሩ በተፈቀደ ቦታ ይበስላል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ቅጠል ይዞ ገደል ለገደል ሲታገል ነበር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። የጓሳው ሣርና የአስታው ቁጥቋጦ ሲደርቅ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። አስታ እንደገና ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።

ሴት ብቻዬን ብሄድስ?

ይሄዳሉ። ከደባርቅ ጀምሮ ብቻችሁን አትሆኑም። ከተቻለ ሴት አስጎብኚ ጠይቁ፤ አሉ። ወይም ከሌላ ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። ድንኳናችሁን ለምግብ ማብሰያው ቤት ቀረብ አድርጋችሁ አስተክሉ።

እናቴን ወይም ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

እግሩን ሳይሆን መኪናውን ተጠቀሙ። ሳንቃበር አድራችሁ በማግስቱ ጨነቅ ደርሳችሁ ተመለሱ። ዋልያውንም ጭላዳውንም ያያሉ። ለደከመ ሰው የሚጋለብ በቅሎ አለ። የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ግን ከሐኪም ፈቃድ ውጭ አይምጣ። ሕፃናት ራሳቸውን እንዳመማቸው ስለማይናገሩ ግጭ ላይ በድንኳን ማሳደሩን አልመክርም።

ስልክ ይሠራል?

አልፎ አልፎ፣ ከፍ ያሉ ጠርዞች ላይ። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ከደባርቅ ስትነሱ የመመለሻችሁን ቀን ንገሩ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ስልኩን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ።

መንደር ስናልፍ እንዴት እንሁን?

ሰላምታ ስጡ። «እንደምን ዋላችሁ» ብላችሁ ቁሙና መልሱን ጠብቁ። እዚያ ሰላም ሳይባባሉ መተላለፍ የለም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ በቃ። ቡና ካፈሉላችሁ ተቀመጡ፤ ስትነሱ ለቡናው ብላችሁ ትንሽ ነገር አኑሩ። ለልጆች ብርና ከረሜላ አትበትኑ፤ ትምህርት ቤት ትተው መንገድ ዳር መቆም ይለምዳሉ። መርዳት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ለመምህሩ ስጡ። የሚሸጡትን የሱፍ ኮፍያ ወይም ስፌት ግን ግዙ፤ ዋጋም አታሳንሱ።

በመጡበት መመለስ ግድ ነው?

ግድ አይደለም። ከጨነቅ ወይም ከአምቢቆ ሶና፣ መካረቢያና ሙሊት በሚባሉ ቦታዎች በኩል ገደሉን ወርዳችሁ አዲ አርቃይ የምትወጡበት መንገድ አለ። ሦስትና አራት ቀን ይጨምራል። ሙቀት ነው፣ ቁልቋልና ሸለቆ ነው፤ ቀን ቀን ከላይ ሲያዩት የነበረውን ሹል ድንጋይ ከሥሩ ሆኖ ማየት ነው። ጎብኚ እምብዛም የለበትም። ይህን የሚመርጥ ሰው አስጎብኚው ያን በኩል በቅርቡ የሄደ መሆኑን ያረጋግጥ፣ ውሃ በብዛት ይያዝ፣ አዲ አርቃይ ላይ የሚቀበለውን መኪናም ደባርቅ ሳለ ይዋዋል። ባለበቅሎዎቹ ከዚያ ወደ ደባርቅ በእግራቸው ስለሚመለሱ የመመለሻ ቀኖቻቸውም ክፍያው ውስጥ ይካተታሉ።